የመለያ ቃላት የአድራሻ ስምና የአማርኛ ፊደል

ሀ/ መግቢያ

አዲስ አበባ መርካቶ ገብቶ ሸማ የሚፈልግ ሰው የሱቅ ቁጥር አይጠይቅም። «ሸማ ተራ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም ሰው እጁን ዘርግቶ ያሳየዋል። ጎማ የፈለገ ጎማ ተራን፥ አሮጌ ዕቃ ያሻው ምን አለሽ ተራን ይጠይቃል። የተራው ስም ሦስት ጠባይ አለው። አጭር ነው፤ ለሰማው ሁሉ ይገባል፤ ባለሱቁ ቢሞት ወይም ሱቁን ቢሸጥ እንኳ ስሙ ከቦታው አይነሣም። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ገበያተኛው መንገድ ይስታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ከዚሁ ከተራ ስም ጋር የሚመሳሰል ነው። ብዙ ጽሑፎችን የሚያከማቹ የድረ ገጽ መተግበሪያዎች እያንዳንዱን ጽሑፍ «ታሪክ»፥ «ግብርና»፥ «ሥነ ጽሑፍ» እያሉ መለያ ቃል ይሰጡታል፤ ፈረንጆች ይህን ታግ ይሉታል። አንድ ዓይነት መለያ የተሰጣቸው ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ገጽ ይዘረዘራሉ፤ ገጹም የራሱ አድራሻ አለው። በዚያ አድራሻ መጨረሻ የሚቆመው፥ ሰው አይቶ ሊያነበው የሚችለው አጭር ስም ስላግ ይባላል። እኛ ከዚህ በታች «የአድራሻ ስም» እያልን እንጠራዋለን።

ጉዳዩን እንድንመረምር ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የሴሚናር ጽሑፍ ስናዘጋጅ በአንድ የአማርኛ ጽሑፎች ማከማቻ ውስጥ «አጼ ቴዎድሮስ» የሚለውን መለያ ከፍተን ሦስት ጽሑፎች ብቻ አገኘን። ስለዚህም በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ነው ብለን በመግቢያችን ላይ በድፍረት አሰፈርን። መምህራችን ረቂቁን ካነበቡ በኋላ «በዐይኑ ዐ እና በፀሐዩ ፀ ፈልጋችኋልን?» ብለው ጠየቁን። «ዐፄ» ብለን ስንፈልግ ሌላ ገጽ፥ ሌሎች ጽሑፎችን ይዞ ተገኘ። «ዓፄ» ስንል ደግሞ ሦስተኛ ገጽ ወጣ። አንዱ ንጉሥ በሦስት ተራ ተከፋፍለው ኖረዋል። ያን ዓረፍተ ነገር በቀይ ቀለም ሰረዝነው፤ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይሰረዝ ቀረ።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች እንጂ የኮምፒዩተር ሊቃውንት አይደለንም። ስለዚህ ነገሩን ከምንጩ ጀምረን፥ የአድራሻ ስም እንዴት እንደ ተወለደ፥ በምን ሕግ እንደሚሠራ፥ ከእኛ ፊደል ጋር ሲገናኝም ምን እንደሚደርስበት በቅደም ተከተል እናያለን። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለ/ ቁጥር በስም ስለ መተካቱ

የኮምፒዩተሮች ግንኙነት በተጀመረ ጊዜ አንዱ ማሽን ሌላውን የሚያውቀው በቁጥር ነበር። ሰዎች ግን ቁጥር ማስታወስ ስለ ከበዳቸው ለየማሽኑ ስም ያወጡ ጀመር። የስሞቹም ዝርዝር አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ መዝገብ ይጠበቅ ነበር። ማሽኖቹ ሲበዙ አንድ መዝገብ ሊበቃ አልቻለም። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዝርዝሩ ለብዙ ባለአደራዎች የሚከፋፈልበትን ሥርዓት አቀረበ፤ ይህም ዛሬ በድረ ገጾች ስም የምንሠራበት ሥርዓት ነው።

የድረ ገጽ አድራሻ ራሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቲም በርነርስ-ሊ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማእከል ሲሠራ በ1989 ሐሳቡን አቀረበ፤ የአድራሻውም ሕግ በታኅሣሥ ወር 1994 ታትሞ ወጣ። በዚህ ሕግ አድራሻው መጀመሪያ የማሽኑን ስም፥ ቀጥሎም በማሽኑ ውስጥ ያለውን መንገድ ይናገራል። የመንገዱን ስም የማውጣት ሥልጣን ለባለቤቱ ተተወ። ብዙዎቹ የመተግበሪያ ሠሪዎችም ለራሳቸው የቀለላቸውን መረጡ፤ ይኸውም የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ቁጥር ማስከተል ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ያውቃል፤ ሰውየው ግን አድራሻውን አይቶ ስለ ግብርና ይሁን ስለ ጦርነት ሊለይ አይችልም። ቁጥሩ አጭርና ጽኑ ነው፤ ነገር ግን አይነበብም። ከሦስቱ የተራ ስም ጠባዮች አንዱ ጐድሎታል ማለት ነው።

በርነርስ-ሊ በ1998 በጻፈው አንድ አጭር ጽሑፍ መልካም አድራሻ የማይለወጥ አድራሻ መሆኑን አስተማረ። አድራሻ ሲለወጥ ቀድሞ ያመለከቱት ሁሉ ወደ ባዶ ቦታ ይመራሉና ነገ የሚለወጠውን ነገር፥ ለምሳሌ የጸሐፊውን ስም ወይም የመዝገቡን ዓይነት፥ በአድራሻ ውስጥ አታስገቡ ይላል። ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀው በርእሰ ጉዳይ መከፋፈልንም ከአደገኞቹ ጋር መቍጠሩ ነው፤ የዛሬው አከፋፈል ነገ ይለወጣልና። እንግዲህ የመለያ ቃል አድራሻ እርሱ ካስጠነቀቀበት ነገር መካከል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሊነበብ የሚችል ስም ከፈለግን የመለወጥን አደጋ አብረን ተቀብለናል።

ሐ/ ከእርሳስ ወደ ድረ ገጽ

ስላግ የሚለው ቃል የማተሚያ ቤት ቃል ነው። ኦትማር መርገንታለር የሠራው ላይኖታይፕ የተባለው መኪና በ1886 በኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን ፊደል በእጁ ይለቅም ነበር፤ ይህ መኪና ግን አንድ ሙሉ መሥመር በአንድ የእርሳስ ዘንግ ላይ አቅልጦ ያወጣል። ያ የእርሳስ ዘንግ ስላግ ተባለ። በጋዜጣ ዝግጅት ክፍልም አንድ ዜና ርእሱ ሳይወሰን ገና በእጅ እየዞረ ሳለ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ምልክት ይሰጠዋል፤ «ጎርፍ»፥ «ምርጫ» እንደ ማለት ነው። ይህም አጭር ምልክት ስላግ ተባለ። ርእሱ ለአንባቢ ነው፤ ምልክቱ ለሠራተኞቹ ነው።

ቃሉ ወደ ድረ ገጽ ከተሻገረባቸው መንገዶች አንዱ በግልጽ ይታወቃል። በአሜሪካ አገር በካንሳስ ግዛት ሎረንስ በተባለች ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ለጋዜጣው ሥራ የሚሆን የመተግበሪያ መሣሪያ ሠሩ፤ ጃንጎ ተብሎ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። የመሣሪያው መመሪያ ስላግ የጋዜጣ ቃል መሆኑን በግልጽ ይናገራል። በ2003 የወጣው ወርድፕረስም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል።

የአድራሻ ስም የሚሠራበት ሕግ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ትልልቁ የላቲን ፊደል ወደ ትንንሹ ይለወጣል። ሁለተኛ፥ ነጥብ፥ ቅንፍና የመሳሰለው ይጣላል። ሦስተኛ፥ በላቲን ፊደል ራስ ላይ የሚቀመጡት ምልክቶች ይወገዳሉ። አራተኛ፥ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ በጭረት (-) ይተካል። ጭረት ያስፈለገበት ምክንያት ባዶ ቦታ በአድራሻ ውስጥ ስለማይፈቀድ ነው፤ ቢገባ %20 ተብሎ ይጻፋልና ዓይንን ያውካል። ይህ ሕግ ለእንግሊዝኛ ከሞላ ጐደል ይበቃል። ሕጉ ግን የእንግሊዝኛን ጽሕፈት እያየ የተሠራ መሆኑን ወደ ፊት እንመለከታለን።

መ/ የመለያ ቃላት መነሣት

ቀድሞ መጽሐፍን በርእሰ ጉዳይ የሚከፋፍለው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። ሜልቪል ዲዊ በ1876 ባሳተመው የቁጥር አከፋፈል መሠረት አንድ መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይይዛል። ቦታውን የሚወስነው የተማረ ባለሙያ ነው፤ አንባቢው አይጠየቅም።

በ2003 ጆሹዋ ሻክተር የጀመረው ዴሊሺየስ፥ በ2004ም የተከፈተው የፎቶግራፍ ማከማቻ ፍሊከር ይህን ሥርዓት ገለበጡት። መለያውን የሚሰጠው አንባቢው ራሱ ሆነ፤ ለአንድ ነገርም የፈለገውን ያህል መለያ መስጠት ተፈቀደለት። ቶማስ ቫንደር ዋል በ2004 ይህን ልማድ ሕዝብ የሠራው አከፋፈል የሚል ትርጕም ባለው ቃል ፎክሶኖሚ ብሎ ሰየመው። ነጻነቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አድራሻ የሚሆነውን ስም ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የተማረ ባለሙያ ሳይሆን መሣሪያው ነው። በዴሊሺየስ መለያዎች በባዶ ቦታ ስለሚለያዩ ሁለት ቃል ያለው መለያ ለመጻፍ ሰዎች ቃላቱን ያጣብቁ ነበር። ፍሊከርም ለዕይታ ሰውየው የጻፈውን እየጠበቀ በአድራሻው ላይ ቃላቱን ያጣብቃል።

ወርድፕረስ በ2007 መለያ ቃላትን ሲጨምር ለእያንዳንዱ መለያ ሁለት ቦታ ሰጠው። በአንዱ ለአንባቢ የሚታየው ስም፥ በሁለተኛው የአድራሻው ስም ይቀመጣል። ይህ መለያየት ቀላል ቢመስልም በእኛ አስተያየት የጉዳዩ ቁልፍ ነው። የሚታየውና የሚያደርሰው ስም አንድ እንዲሆኑ ግድ የለም። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ሠ/ ሁለቱ ጥፋቶች

መሣሪያው ስም ሲያወጣ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው ልዩ ልዩ የሆኑትን አንድ ማድረግ፥ ሁለተኛው አንድ የሆነውን ልዩ ልዩ ማድረግ ነው።

ለመጀመሪያው የታወቀው ምሳሌ ከፕሮግራም ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። በአንድ የላቲን ፊደል የሚጻፈው ሲ የተባለው ቋንቋ፥ በዚያው ፊደል ላይ ሁለት የመደመር ምልክት የሚጨመርበት ሲ ፕላስ ፕላስ፥ እንዲሁም የመሰላል ምልክት የሚከተለው ሲ ሻርፕ ሦስት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው። የአድራሻ ስም ሠሪው መሣሪያ ግን ምልክቶቹን ስለሚጥል ሦስቱም አንድ ፊደል ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ መሣሪያዎች ግጭቱን ለማብረድ ለዘገየው ስም ቁጥር ይለጥፉበታል፤ ሁለተኛው ሲ «ሲ-2» ይሆናል። አንባቢው ግን 2 ምን እንደ ሆነ አያውቅም። በ2008 የተከፈተው የፕሮግራመኞች የጥያቄና መልስ ቦታ ስታክ ኦቨርፍሎው ሌላ መንገድ ያዘ። ምልክቶቹን ሳይጥል በመለያው ውስጥ እንዲቆዩ ፈቀደ፤ በአድራሻው ላይ ግን በመቶኛ ምልክት ተለውጠው ይጻፋሉ። ልዩነቱ ዳነ፤ ውበቱ ትንሽ ተጐዳ።

ለሁለተኛው ጥፋት ደግሞ ነጠላና ብዙ ቁጥር፥ አሕጽሮትና ሙሉ ስም ምሳሌ ናቸው። አንዱ «መጽሐፍ» ሌላው «መጻሕፍት» የሚል መለያ ቢሰጥ ሁለት ገጽ ይከፈታል። ስታክ ኦቨርፍሎው ለዚህ ያገኘው መፍትሔ የመለያዎች ተመሳሳይ ዝርዝር ነው፤ አንዱ ዋና ይሆናል፥ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይመራሉ።

የመጀመሪያው ጥፋት ቶሎ ይታያል፤ ጎመን ሊገዛ የሄደው ጫማ ሲያገኝ ይጮሃልና። ሁለተኛው ግን ተሰውሮ ይኖራል። የጐደለውን የማያውቅ ሰው ያገኘው ሁሉ የተጻፈው ሁሉ ይመስለዋል። እኛ በዐፄ ቴዎድሮስ ጽሑፍ የተሳሳትነው በዚሁ ነው።

ረ/ የግእዝ ፊደል ወደ አድራሻ ሲገባ

የአድራሻ ሕግ የተመሠረተው በ1963 በወጣው አስኪ በተባለው የአሜሪካ ፊደል ቍጥር ላይ ነው። አስኪ 128 ቦታዎች ብቻ ያሉት ሲሆን ከላቲን በቀር ለሌላ ፊደል ቦታ የለውም። የእኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ጽሕፈት ሠሪዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቍጥር ነበራቸውና በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ አይነበብም ነበር።

ዩኒኮድ ፊደሉን ቢቀበልም አድራሻው ገና አልተቀበለውም። ስለዚህ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ባወጡት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ወደ ሦስት ባይት ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በአድራሻው ላይ የመቶኛ ምልክትና ሁለት ምልክቶች ሆኖ ይጻፋል። አንዱ ፊደላችን ዘጠኝ ምልክት ሆነ ማለት ነው። «ኢትዮጵያ» አምስት ፊደል ነው፤ በአድራሻ 45 ምልክት ይሆናል። በ2005 የወጣው አዲስ ደንብ አድራሻን በየሕዝቡ ፊደል መጻፍን ስለ ፈቀደ የዛሬ ማሰሻዎች ብዙ ጊዜ ፊደሉን በፊደልነቱ ያሳያሉ። አንባቢው አድራሻውን ገልብጦ ለወዳጁ ሲልክ ግን ያ የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ዳግመኛ ይወጣል። ወዳጁም ምን እንደ ተላከለት ሳያውቅ ይከፍታል ወይም ፈርቶ ይተወዋል።

ርዝመቱም የራሱ መዘዝ አለው። ወርድፕረስ ለአድራሻ ስም የሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ የተትረፈረፈ ነው። ለእኛ ግን 200 ለ9 ሲካፈል 22 ፊደል ብቻ ይደርሰናል። ከዚያ የረዘመ ስም መካከሉ ላይ ይቈረጣል።

በጃንጎ የደረሰው ግን ከዚህ ይብሳል። መሣሪያው በተለመደው አሠራሩ ከአስኪ ውጭ ያለውን ሁሉ ይጥላል። ምልክት ያለበት የላቲን ፊደል ምልክቱ ተነሥቶለት ገላው ይተርፋል፤ የእኛ ፊደል ግን ከአስኪ የሚዛመድ ገላ ስለሌለው አንድም ሳይቀር ይጣላል። «ታሪክ» ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ ስም ያገኛል። «ግብርና» ብሎ የጻፈም እንዲሁ። ባዶና ባዶ አንድ ስለ ሆኑ የአማርኛ መለያ ሁሉ ይጋጫል። ሌሎች ፊደላትን የሚያስተርፍ አማራጭ የተጨመረው በ2015 ነው፤ አማራጩንም የሚያውቀው የፈለገው ብቻ ነው።

ይህ አማራጭ ቢመረጥ እንኳ አንድ የተሰወረ ጕድለት አለ። አባቶቻችን በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ያደርጋሉ፤ ሥራውም የባዶ ቦታን ሥራ ነው። ዩኒኮድ ግን ሁለት ነጥቡን ከሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ጋር ስለ መዘገበው መሣሪያው እንደ ነጥብ ይጥለዋል እንጂ በጭረት አይተካውም። «ሥነ፡ጽሑፍ» ብለው ቢጽፉ «ሥነጽሑፍ» ይሆናል፤ ባዶ ቦታ ትተው ቢጽፉ «ሥነ-ጽሑፍ» ይሆናል። አንዱ ቃል ሁለት ተራ ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። በአማርኛ ንግግር ሀ፥ ሐ፥ ኀ በአንድ ድምፅ ይነበባሉ፤ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ እንዲሁ። ከዚህም በላይ ሀና ሃ፥ አና ኣ በድምፅ አይለዩም። ስለዚህ «ዐፄ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል በአራት፥ ሁለተኛው በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ በጠቅላላው 8 ነው። «ፀሐይ» 12 መንገድ አለው። «ኃይለ ሥላሴ» ስድስት በሁለት በሁለት ሲባዛ 24 ነው። «ዐፄ ኃይለ ሥላሴ» ቢባል 8 በ24፥ ማለት 192 ይሆናል። ይህ ሁሉ በተግባር አይጻፍም፤ ጥቂቶቹ ግን ዘወትር ይጻፋሉ። ለማሽኑ እያንዳንዱ የተለየ ስም ነው።

የሊቃውንቱም ልማድ አንድ አይደለም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው በዐይኑ ዐ ሰየሙት፤ የከተማችን ስም ግን በየሰሌዳው በአልፋው አ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። የመዝገበ ቃላቱን መንገድ የተከተለ ተማሪና የመንገድ ሰሌዳ ያነበበ ተማሪ ስለ አንዲት ከተማ ጽፈው በሁለት ገጽ ይቀመጣሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ሰ/ በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላልን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሁሉ ችግር ለመሸሽ የአድራሻውን ስም በላቲን ፊደል ማድረግ ይበቃል ይላሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ስሙ አጭር ይሆናል፤ ሲገለበጥም አይበላሽም፤ ሞክሼዎቹም ሳይታሰብ አንድ ይሆናሉ። ነገር ግን ሁለተኛውን ጥፋት ሸሽተን የመጀመሪያው ላይ እንወድቃለን።

በተለመደው አጻጻፍ ተና ጠ፥ ከና ቀ በላቲን አንድ ይሆናሉ። «ትክል» ብለን ስለ ጢያ ትክል ድንጋዮች፥ «ጥቅል» ብለን ስለ ጥቅል ጎመን ሁለት መለያ ብንከፍት በላቲን ሁለቱም በአንድ ስም ይገናኛሉ። በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የጢያ ሐውልት ከአትክልት ሻጭ ጋር አንድ ተራ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። «ጠራ»ና «ተራ»ም እንደዚሁ ይጋጫሉ።

የእኛ አገር ልጆች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። በ1990ዎቹ ዓመታት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግእዝን በአስኪ ለመጻፍ አንድ ሥርዓት አወጡ። በዚህ ሥርዓት ጠ በትልቁ፥ ተ በትንሹ የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ጨና ቸ፥ ጸና ሰም እንዲሁ። ብልህ ዘዴ ነው፤ ፊደሉ አይጠፋምና። ወደ አድራሻ ስም ሲደርስ ግን የፊተኛው ሕግ ይጠብቀዋል፤ ትልልቁ ፊደል ሁሉ ወደ ትንንሹ ይለወጣል። የሊቃውንቱ ድካም በአንድ መሥመር ትእዛዝ ይፈርሳል፤ ጠራም ተመልሶ ተራ ይሆናል። ከዚህ የምንማረው የአድራሻ ስም ሕግ እያንዳንዱ አንቀጽ ለእንግሊዝኛ የማይጐዳ ሆኖ ሳለ ለሌላ ቋንቋ ትርጕም የሚሰርዝ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ሸ/ ሞክሼዎቹን ስለ ማዋሐድ

እንግዲህ ወደ ራሳችን ፊደል ተመልሰን ሞክሼዎቹን አንድ ብናደርግስ? አማርኛን በኮምፒዩተር የሚያጠኑ ሰዎች ከምርምራቸው በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፥ ሠን ወደ ሰ፥ ዐን ወደ አ መመለስን ተለማምደዋል። ለፍለጋ ይህ ይጠቅማል። ዩኒኮድ ራሱ ግን እነዚህን ፊደላት አያዋሕድም፤ ደግሞም ማዋሐድ አይገባውም። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፥ ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ ማለት ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ፥ ሰአለ ለመነ ነው። ዓመት የዘመን ቁጥር፥ አመት ደግሞ ገረድ ናት።

ሩቅ ሳንሄድ ይህ ጽሑፍ ራሱ ምስክር ነው። ክፍሎቹን በሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ከፋፍለናል። የማዋሐጃው ሕግ ሳይመረመር ቢጫንበት የመግቢያውና የእርሳሱ ታሪክ አንድ ክፍል፥ ስለ ሁለቱ ጥፋቶችና ስለ ላቲን ፊደል የጻፍናቸውም አንድ ክፍል ይሆናሉ።

ስለ ፊደላችን ሁለት ወገን መኖሩን አንባቢ ያውቃል። አንዱ ሞክሼዎቹ ይቀነሱ፥ ሌላው የቃሉን ዘር ያሳያሉና ይጠበቁ ይላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በሚሲዮን ግቢ ሳለን፥ የአማርኛ መምህራችን «ሥራ»ን በእሳቱ ሰ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀንሱ ነበር፤ እኛም አድልዎ ይመስለን ነበር። ዛሬ ስናስበው ሁለቱም ወገን ከአድራሻ ጉዳይ ጋር መጋጨት የለባቸውም። የድረ ገጽ ሠሪ በአንድ ትእዛዝ የፊደልን ክርክር ሊፈርድ አይገባውም፤ ክርክሩ አላለቀም ብሎም የአንባቢን መንገድ ሊዘጋ አይገባውም።

መውጫው በወርድፕረስ ታሪክ ያየነው መለያየት ነው ብለን እናምናለን፤ አንድ ደረጃ ብቻ ይጨመርበት። ለእያንዳንዱ መለያ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛው የሚታየው ስም ነው፤ ጸሐፊው እንደ ጻፈው በሠ ወይም በሰ ይቆይ፤ ማንም አይንካው። ሁለተኛው የተሰወረ ቁልፍ ነው፤ ሞክሼዎቹ የተዋሐዱበት፥ ሁለት ነጥቡም ባዶ ቦታውም ወደ ጭረት የተለወጠበት ነው። ይህን ቁልፍ አንባቢ አያየውም፤ ሥራው አዲስ መለያ ሲመጣ «ይህ ስም በሌላ አጻጻፍ አለ፤ እርሱን ማለትህ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። መጠየቅ እንጂ መወሰን አይደለም፤ ዓመትንና አመትን የሚለይ ሰው ነውና። ሦስተኛው የአድራሻው ስም ነው፤ በግእዝም ሆነ በላቲን ሰው አይቶ አንድ ጊዜ ያወጣዋል፤ ከወጣ በኋላ አይለወጥም። የሚለወጥበት ግድ ቢመጣ የቀድሞው ስም ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር ምልክት ይተው፤ በድረ ገጽ ሥራ ይህ 301 የተባለው ለዘወትር ተዛውሯል የሚል መልስ ነው።

ድካም ይበዛል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ነገር ግን መለያ ቃል በየቀኑ አይፈጠርም። አንድ ማከማቻ በሺህ የሚቈጠሩ ጽሑፎች ቢኖሩትም መለያዎቹ ከጽሑፎቹ እጅግ ያነሱ ናቸው። አንድ ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ የብዙ አንባቢ መንገድ ያቀናል።

መደምደሚያ

የአድራሻ ስም ታሪክ ከእርሳስ ዘንግ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሕግ ሲወጣ ሕግ አውጪው አጠገቡ ያለውን ቋንቋ አየ። ይህን እንደ ክፋት አንቈጥረውም፤ በሎረንስ ከተማ ጋዜጣ የሚሠራ ሰው ስለ ሁለት ነጥባችን ሊያስብ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅብን እኛ ነን። መሣሪያው ቃላችንን ባዶ ሲያደርግብን አማርኛ ጽሑፍ ላይ የእንግሊዝኛ መለያ መለጠፍ ይቀላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። በዚህ ሁኔታ የተጻፈው አማርኛ ሆኖ ሳለ መደርደሪያው የሰው ይሆናል።

እኛ ታሪክን የምንማር ሰዎች ምንጭ ሳይገኝ ምንጭ የለም እንዳንል ዘወትር እንመከራለን። ከእንግዲህ ወዲህ በአማርኛ ማከማቻ ውስጥ የፈለገ ተማሪ «አልተጻፈም» ከማለቱ በፊት ቃሉን በሌሎቹ ፊደላት ደግሞ ደጋግሞ ይሞክር። ማከማቻ የሚሠሩ ጓደኞቻችንም ተራው አንድ፥ ስሙም ጽኑ እንዲሆን ይትጉ። የሴሚናር ጽሑፋችንን ስናስተካክል ያገኘናቸውን አጻጻፎች ሁሉ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ዘርዝረን ለመምህራችን መለስን፤ ወረቀቱም ዛሬ ድረስ በእጃችን አለ።